የነፍሰ ጡር እናትን ውሎ መለካት፦ በደሴና በኮምቦልቻ መጠይቅ ይዘው ለሚወጡ

«ስፖርት ትሠሪያለሽ?»

«ኧረ እኔ! ምን ስፖርት አለ፤ ቤት ነው የምውለው።»

ይህን የመለሰችልኝ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቅጹ ላይ «እንቅስቃሴ የማታደርግ» ከሚለው ፊት ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። ምርመራዋን ጨርሳ ስትወጣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታሽ አገኘኋትና ለወግ ያህል እንዴት እንደመጣች ጠየቅኳት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ እንጀራ ጋግራለች። የፈረቃው ውሃ በዚያ ሌሊት በመምጣቱ ከግቢው ቧንቧ አራት ጀሪካን ሞልታ ወደ ቤት አስገብታለች። የተከመረውን ልብስ አጥባ አስጥታለች። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ልጇን አዝላ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ ነው ጤና ጣቢያው የደረሰችው። ይህ ሁሉ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት የተሠራ ነው። በእኔ ቅጽ ግን ቁጭ ብላ የምትውል ሴት ሆና ተመዘገበች። ስህተቱ የእሷ አይደለም፤ ስለ ስፖርት ጠየቅኳት፣ ስለ ስፖርት መለሰችልኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለመመረቂያ ጥናት መጠይቅ ይዘው ለሚወጡ የጤና ተማሪዎች፣ ለአዋላጆች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና መረጃ ሰብሳቢዎችን ለሚቆጣጠሩ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች የነፍሰ ጡር እናት እንቅስቃሴ በአብዛኛው ያለው በቤት ሥራ፣ በእንጀራ ፍለጋና በመንገድ ላይ ነው። የምንጠቀምባቸው መለኪያዎች ደግሞ አብዛኞቹ የተሠሩት የእረፍት ሰዓትና የስፖርት ቦታ ላላቸው ሰዎች ነው። ሥራችን በዚህ ክፍተት መካከል ነው።

1. የምትለኩትን ነገር አስቀድማችሁ ወስኑ

የአካል እንቅስቃሴ ማለት ጡንቻ ተንቀሳቅሶ ከእረፍት ጊዜ በላይ ጉልበት የሚያወጣበት ማናቸውም ነገር ነው። ስፖርት የዚህ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በአራት ነገር ያዙት፦ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል፣ በቀን ስንት ደቂቃ ይወስዳል፣ ምን ያህል ያደክማል። ከዚያም የት እንደሚውል ለዩት፦ የቤት ሥራና ልጅ መንከባከብ፣ የገቢ ሥራ፣ መንገድ፣ የመዝናኛ ጊዜ። ቁጭ ብሎ መዋል ራሱን ችሎ ይለካል። ቀኑን ሙሉ ስፌት ማሽን ላይ ተቀምጣ ውላ ማታ አንድ ሰዓት ዳገት የምትወጣ ሴት በሁለቱም ዓምድ መታየት አለባት።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና እክል የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ክብደት ያለው እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ብዙዎቹ ጥናቶች «በቂ» እና «በቂ ያልሆነ» ብለው የሚከፍሉት በዚህ ልክ ነው። ጥያቄያችሁ «ስንቶቹ ከዚህ ይደርሳሉ?» ነው ወይስ «ጉልበታቸው የሚያልቀው በምን ላይ ነው?» የሚለውን ሳትለዩ መሣሪያ አትምረጡ። ለመጀመሪያው አጭር መጠይቅ ይበቃል። ሁለተኛው ዘርዘር ያለ ይፈልጋል፤ እኔ የማደላውም ወደ ሁለተኛው ነው።

2. መሣሪያ ምረጡ

በእጃችሁ ሊገቡ የሚችሉት መጠይቆች በዋናነት ሦስት ናቸው።

አንደኛው ጂፓክ (GPAQ) እየተባለ የሚጠራው የዓለም የጤና ድርጅት መጠይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ለታዳጊ አገሮች ጭምር ታስቦ የተዘጋጀ፣ 16 ጥያቄ ያለው፣ ሥራን፣ መንገድንና መዝናኛን ለየብቻ የሚጠይቅ ነው። የቤት ውስጥ ሥራን «ሥራ» ከሚለው ክፍል ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ጮክ ብሎ ካላነበበው «ሥራ አለሽ?» ለሚለው «የለኝም» የሚል መልስ መጥቶ ክፍሉ በሙሉ ባዶ ይቀራል። ሌላው ጉድለቱ ከ10 ደቂቃ ያነሰውን አለመቁጠሩ ነው። የ2020ው መመሪያ ይህን የ10 ደቂቃ ገደብ ስላነሳው፣ የትኛውን እንደተከተላችሁ በሪፖርታችሁ ላይ ጻፉ።

ሁለተኛው ለእርግዝና ተብሎ የተዘጋጀው ፒፒኤኪው (PPAQ) ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሊዛ ቻሳን ታበርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ሲሆን ከ30 በላይ እንቅስቃሴዎችን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የቤት ሥራና ልጅ መንከባከብ ናቸው። ለዝርዝር ጥናት የምመርጠው ይህን ነው፤ ሳይላመድ ግን እዚህ አይሠራም። እንዴት እንደሚላመድ በሚቀጥለው ክፍል አለ።

ሦስተኛው አይፓክ (IPAQ) የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካል እንቅስቃሴ መጠይቅ ነው። አጭሩ ቅጽ ሥራንና መዝናኛን ሳይለይ በጅምላ ስለሚጠይቅ ለዚህ ጉዳይ አልመክረውም።

ከመጠይቅ ውጪ ወገብ ላይ የሚታሰር የእንቅስቃሴ መመዝገቢያ መሣሪያ አለ። ገንዘብ ካላችሁ ለሁሉም ሴቶች፣ ከሌላችሁ ደግሞ መጠይቁ ምን ያህል እንደሚስት ለማየት ለጥቂቶች ተጠቀሙበት። የስልክ እርምጃ ቆጣሪን ተዉት፤ ሊጥ የምታቦካና ልብስ የምታጥብ ሴት ስልኳን መደርደሪያ ላይ ነው የምታስቀምጠው።

3. መጠይቁን አላምዱት

ብዙ ሰው «አስተረጎምኩት» ብሎ ያለፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ፒፒኤኪው ውስጥ በላዩ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ማሽን ስለመጠቀም የሚጠይቅ ጥያቄ አለ። ከቤት እንስሳ ጋር ስለመጫወትም እንዲሁ። እነዚህን በጥሩ አማርኛ ተርጉሞ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ለምትኖር እናት ማንበብ ጊዜዋን ማባከን ነው። በሌላ በኩል ውሃ መቅዳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ እንጀራ መጋገር፣ በሙቀጫ መውቀጥ፣ እህል ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መመላለስ፣ ልጅ አዝሎ ዳገት መውጣት አንዳቸውም የሉበትም። ስለዚህ፦

በመጀመሪያ ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ ነፍሰ ጡር እናቶችን ሰብስባችሁ የአንድ ቀን ውሏቸውን ተርኩልኝ በሏቸው። በየጤና ኬላው የሚደረገው የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ለዚህ ምቹ ነው፤ ቡናው ከተፈላ ወሬው ራሱ ይመጣል። ስለ ስፖርትም ሆነ ስለ እንቅስቃሴ አንድም ቃል ሳታነሱ፣ የሚሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉት። «ውሃ ወረድኩ» ካለች «ውሃ ወረድኩ» ብላችሁ ነው የምትጽፉት።

ቀጥሎ ከመጠይቁ ውስጥ እዚህ የሌለውን አውጡና እዚህ ባለው፣ ክብደቱ ተቀራራቢ በሆነ ሥራ ተኩት። የየሥራው ክብደት የሚለካው በሜት ነው። አንድ ሜት ጸጥ ብሎ በመቀመጥ የሚወጣ ጉልበት ነው፤ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በደቂቃ 3.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ማለት ነው። ከ1.5 በታች የተቀመጠ፣ ከ1.5 እስከ 3 ቀላል፣ ከ3 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ6 በላይ ከባድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በ2000፣ በ2011 እና በ2024 የታደሰው የእንቅስቃሴዎች ዝርዝር የብዙ ሥራዎችን ሜት ይዟል። ልብስ በእጅ ማጠብ በ2011ዱ ዝርዝር 4 ሜት ገደማ ነው፤ መካከለኛ ማለት ነው። እንጀራ መጋገር ግን በስሙ ስለማይገኝ ቆሞ ምግብ ከማብሰል ጋር አስጠግታችሁ ትመድቡታላችሁ። ይህን ስታደርጉ ሥራውንና የሰጣችሁትን ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ በኋላ ሌላ ሰው «ለምን?» ቢላችሁ መልሱ በወረቀት ላይ ይኑር።

ሜት የተሰላው ነፍሰ ጡር ላልሆነ ሰው መሆኑን አትርሱ። በእርግዝና ጊዜ በእረፍት ላይ ያለው የሰውነት ፍጆታም ክብደቱም ይጨምራል። አራት ሜት የተባለ ሥራ በሦስተኛው ወርና በዘጠነኛው ወር እኩል አያደክምም። ስለዚህ ውጤቱን የእርግዝናውን ጊዜ በየሦስት ወሩ ከፍላችሁ አቅርቡ።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱን አስተያዩ። ከዚያም ለአምስት ወይም ለስድስት እናቶች እያነበባችሁ «ይህ ጥያቄ ምን የጠየቀሽ መሰለሽ?» በሉ። እኛ «የአካል ብቃት እንቅስቃሴ» ያልነውን አንዲት እናት «ሐኪም ያዘዘው የእግር ማፍታቻ» ብላ ተረድታው ነበር። ቃሉን አውጥተን የሥራዎቹን ስም ብቻ ስንተው ችግሩ ጠፋ። ከከተማው ዙሪያ የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ እናቶች ካሏችሁ ያንኑ ሂደት በኦሮምኛም ድገሙት፤ ጠያቂው በቦታው በቃል እየተረጎመ እንዲጠይቅ አትፍቀዱ።

ቅድመ ሙከራውን ጥናቱ በማይካሄድበት ከተማ ሥሩት። ጥናታችሁ ደሴ ከሆነ ሐይቅ ከተማ ቅርብ ናት።

4. ዳገቱን አትርሱ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት በመኪና የወረደ ሁሉ ጆሮው ሲደነቁር ልዩነቱን ያውቀዋል። «በቀን 30 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ» የሚል መልስ በሁለቱ ከተሞች አንድ ትርጉም የለውም። በኮምቦልቻ ሜዳ ሰላሳ ደቂቃ መጓዝ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በደሴ ሰፈሮች ያንኑ ሰላሳ ደቂቃ አቀበት መውጣት፣ በተለይ ልጅ ወይም ሸክም ካለበት፣ ከባድ ከሚባለው ውስጥ ሊገባ ይችላል። የመንገድ ጥያቄያችሁ ላይ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ሜዳ ነው ዳገት? ባዶ እጅ ነው በሸክም? ስንቱን በባጃጅ ሄዱ?

ክብደቱን ለማወቅ ደግሞ «ያደክማል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጠንካራ መባል የሚፈልግ ሁሉ «አያደክምም» ይላል። የትንፋሽ መለኪያ ይሻላል። እየሠራች ማውራት ችላ ማዜም ግን ካልቻለች መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ትንፋሿ የሚቆራረጥ ከሆነ ከባድ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፦ «ይህን ዳገት ሲወጡ መንዙማ ማንጎራጎር ይችላሉ?» ወይም «መዝሙር ማዜም ይችላሉ?» ስትሏት ፈገግ ብላ ትክክለኛውን ትነግራችኋለች። «ከጎረቤት ጋር ማውራትስ?» ብላችሁ ታስከትላላችሁ።

5. የምትጠይቋቸውን ምረጡ

ስንት ሴቶች እንደሚጠየቁ የሚወሰንበት ስሌት የታወቀ ነው። ቀደም ያለ መረጃ ከሌላችሁ በቂ እንቅስቃሴ የሚያደርጉትን መጠን 50 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉን 5 በመቶ አድርጋችሁ 384 ሴቶች ይመጣሉ፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 423። ከየጤና ጣቢያው የምትወስዱት ቁጥር እንደ ክትትል ተጠቃሚዎቹ ብዛት ይከፋፈል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ላሳስብ። ክትትል ላይ የምታገኟት እናት መምጣት የቻለችው ናት። ቀጣሪዋ ፈቃድ የከለከላት የቤት ሠራተኛ፣ ፈረቃዋን መቀየር ያልቻለች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ መንገዱ የከበዳት እናት ወረፋው ላይ የሉም። እነሱ ደግሞ ምናልባት ብዙ የሚሠሩት ናቸው። አቅም ካላችሁ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች መዝገብ እየተመራችሁ ቤት ለቤት ሂዱ። ካልቻላችሁ ይህን ጉድለት በግልጽ ጻፉት።

የሥነ ምግባር ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ ሳትይዙ አትውጡ።

6. ውሎውን አስተርኩ

ከሁሉ በፊት ቦታ። ባልም ሆነ አማት አጠገብ ቁጭ ብሎ እየሰማ የእንቅስቃሴ ጥያቄ አይጠየቅም። በአማቷ ፊት «ቁጭ ብዬ እውላለሁ» የምትል የለችም። በባሏ ፊት «ጀሪካን እሸከማለሁ» ማለትም እሱን ማሳጣት ይሆንባታል። በጤና ባለሙያ ፊት ደግሞ «ከባድ ነገር አትሸከሚ» ተብላ ስለነበር ትደብቃለች። መልሱ በሦስት አቅጣጫ ይጎተታል ማለት ነው። ስለዚህ ለብቻዋ፣ ነጭ ጋውን ያልለበሰች ሴት ትጠይቃት። አጠራሩ በ«እርስዎ» ይጀምር፤ ራሷ «አንቺ በይኝ» ካለች ብቻ ይቀየር።

ቀጥሎ ሰዓት። «ልብስ በማጠብ በቀን ስንት ሰዓት ያሳልፋሉ?» የሚለው ጥያቄ የሚያመጣው ግምት ብቻ ነው። ቀኗን የምትቆጥርባቸውን ምልክቶች ያዙ። ለሙስሊሟ ሱብሂ፣ ዙሁር፣ አስር፣ መግሪብና ኢሻ አሉ፤ ለክርስቲያኗ ቅዳሴ፤ ለሁለቱም የልጆች ትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ፣ የቡናው ሰዓት፣ የባል መምጫ። ከዚህ በታች ያለው አንድ ጊዜ የተቀመጥኩበት ቃለ ምልልስ ነው፤ ጠያቂዋን ሳሠለጥን አጠገቧ ነበርኩ።

«ትናንት ሱብሂ ላይ ነቅተው ነበር?»

«ነቅቻለሁ። ሰገድኩና ሊጡን አየሁት፤ ኩፍ ብሏል።»

«ከዚያ?»

«ምጣዱን ጣድኩ።»

«ጋግረው ሲጨርሱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው ነበር?»

«የለም፣ እነሱ ሲወጡ ገና አጋማሹ ላይ ነበርኩ።»

«ስንት እንጀራ ጋገሩ?»

«ሰላሳ ይሆናል።»

ጠያቂዋ ስለ ሰዓት አንድም ጊዜ አልጠየቀችም፤ ግን መነሻውንና መድረሻውን ይዛለች። ሰላሳ እንጀራ፣ ልጆች ከመውጣታቸው በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ ያለቀ። በመቀጠልም «ቆመው ነው ተቀምጠው?» ብላ ጠየቀች፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቆሞ መጋገርና ጭስ ውስጥ እየቆሰቆሱ በማገዶ መጋገር አንድ አይደለምና።

ጀሪካኑንም እንዲህ አቅርባችሁ እዩት። ቢጫው ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። «ውሃ ይቀዳሉ?» ብቻ አትበሉ። ስንት ጀሪካን? ባለ 20 ነው ወይስ ባለ 10? ከየት እስከ የት? በጀርባ ነው በእጅ? ማን ያግዛል? ብዙ ጊዜ «ልጁ ነው የሚቀዳው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ወደ ቤት የምታስገባውና ወደ በርሜል የምትገለብጠው ግን እሷ ናት። እነዚህ ሁሉ ከ10 ደቂቃ በታች የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው፤ ጂፓክን እንደወረደ ብትጠቀሙ አንዳቸውም አይቆጠሩም።

የትኛውን ሳምንት ትጠይቃላችሁ? ጂፓክ «የተለመደ ሳምንት» ይላል፤ ፒፒኤኪው ያለችበትን የእርግዝና ሦስት ወር ይጠይቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ገበያ በተወሰነ ቀን በሚውልበት ከተማ ግን «የተለመደ» የሚባል ቀን የለም። እኔ ያለፉትን 7 ቀናት እየቆጠርኩ ከትናንት ወደ ኋላ እሄዳለሁ፤ ይህን ማድረጌንም እጽፋለሁ፣ የመጠይቁን የጊዜ ወሰን ቀይሬአለሁና። የረመዳን፣ የሁዳዴና የፍልሰታ ሳምንታት፣ የበዓል ዋዜማ፣ የክረምቱ ጭቃ ውሎውን ስለሚለውጡ የቃለ ምልልሱን ቀን ከነወቅቱ መዝግቡ። ነፍሰ ጡር ጾሟን ማዘግየት ቢፈቀድላትም የሚጾሙ አሉ፤ ሳትፈርዱ ጠይቁ።

ኮምቦልቻ ላይ ተቀጥራ የምትሠራ እናት ካገኛችሁ ፈረቃዋን፣ ቆማ ነው ተቀምጣ የምትሠራ የሚለውንና በወሊድ ፈቃድ ላይ መሆን አለመሆኗን ጠይቁ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ አላት። በዘጠነኛ ወሯ ስትጠይቋት ከፋብሪካ ወጥታ ቤት ከሆነች፣ ያገኛችሁት የሠራተኛዋን ውሎ ሳይሆን የፈቃዱን ውሎ ነው።

በመጨረሻ፣ ጠያቂያችሁ መረጃ ሰብሳቢ ብቻ እንዳልሆነች አስተምሯት። በጥያቄው መካከል «ደም አየሁ»፣ «ውሃ ፈሰሰኝ»፣ «ሆዴን እየመላለሰ ይቆርጠኛል»፣ «ቁጭ ብዬም ትንፋሽ ያጥረኛል»፣ «ራሴን ክፉኛ ያመኛል፣ ዓይኔ ይጋረዳል»፣ «አንድ እግሬ ባቱ አብጦ ያመኛል» የምትል እናት ካለች መጠይቁ ይዘጋ። «አብሽሪ» ብላ አረጋግታ፣ እጇን ይዛ ወደ ባለሙያ ታድርሳት። ያልተሞላው ቅጽ ባዶ ይቅር።

7. መሣሪያውን ለጥቂቶች አስሩ

የእንቅስቃሴ መመዝገቢያው በተለምዶ በቀኝ ዳሌ ላይ በላስቲክ ቀበቶ ይታሰርና 7 ቀን ይቆያል። በቀን ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ቢያንስ ለ4 ቀናት ከታሰረ ብዙ ተመራማሪዎች ይቀበሉታል። ከአራቱ አንዱ የገበያ ቀን፣ አንዱ የእረፍት ቀን እንዲሆን አድርጉ።

ሆዱ ሲገፋ ቀበቶው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ መሣሪያው ያዘነብላል፤ ሲያዘነብል ደግሞ አሳንሶ ይቆጥራል። ከሰባተኛው ወር በኋላ ከሆዱ በታች፣ በዳሌው አጥንት ላይ፣ መቀነት በሚታሰርበት ልማድ አስተካክላ እንድታስረው አሳዩዋት። ከእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ለእርግዝና ይመቻል ይባላል። ነገር ግን ውዱእ የምታደርግ እናት በቀን እስከ አምስት ጊዜ ታወልቀዋለች፤ አንዱን ጊዜ መልሳ ሳታስረው ትቀራለች። ውሃ የማይገባው ካልሆነ ዳሌውን ምረጡ።

መሣሪያው ብዙ ነገር አያይም። ቁጭ ብላ ስታጥብ፣ ሊጥ ስታቦካ፣ 20 ኪሎ ተሸክማ ቀስ ብላ ስትራመድ ዳሌዋ ብዙም አይነቃነቅምና ቀላል ሥራ አድርጎ ይመዘግበዋል። መጠይቁና መሣሪያው ሳይስማሙ ሲቀሩ «መጠይቁ ዋሸ» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሰዓቱን ደግሞ ተጠንቀቁ። መሣሪያው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይመዘግባል፤ እናትየዋ ያሰረችበትንና ያወለቀችበትን የምትነግራችሁ በእኛ ሰዓት ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት አሰርኩ» ያለችው በመሣሪያው 8 ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ይህን ሳናስተካክል ገብተን የእናቶቹ እንቅልፍ ሁሉ እንቅስቃሴ፣ ሥራቸው ሁሉ እንቅልፍ ሆኖ ወጥቶብን ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። የእርግዝናውን ሳምንት ስታሰሉም እንዲሁ፦ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በእኛ አቆጣጠር ተቀበሉ፤ ጳጉሜን ሳትዘነጉ ቀይሩ።

8. አስሉ

ለጂፓክ፦ የሳምንቱ ደቂቃ ለመካከለኛ ሥራና ለእግር መንገድ በ4 ሜት፣ ለከባድ ሥራ በ8 ሜት ይባዛል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። በሳምንት 2 ቀን፣ በቀን 120 ደቂቃ ልብስ ታጥባለች፦ 2 × 120 × 4 = 960። በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ ውሃ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፦ 3 × 20 × 8 = 480። በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ በእግሯ ትሄዳለች፦ 6 × 30 × 4 = 720። ድምሩ 2,160 ሜት ደቂቃ በሳምንት ነው። በቂ የሚባለው 600 ነው። ይህችኑ ሴት ስለ ስፖርት ብቻ ብትጠይቋት ውጤቷ ዜሮ ነበር።

ለፒፒኤኪው ደግሞ የመረጠችው የጊዜ ሳጥን መካከለኛ ዋጋ በቀኑ ብዛትና በሥራው ሜት ይባዛል። «ከ1 እስከ 2 ሰዓት ገደማ» በቀን 1.5 ሰዓት ነው፤ ሥራው 2.5 ሜት ከሆነ 1.5 × 7 × 2.5 = 26.25 ሜት ሰዓት በሳምንት ይሆናል። የቤት ሥራዎቹ የመጨረሻ ሳጥን «3 ሰዓትና ከዚያ በላይ» ስለሆነ ጣሪያ አለው። ድግስ ላለባት ወይም እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ እናት ከዚያ በላይ ያለው ይጠፋል፤ ትክክለኛውን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉት።

ከዚያ አጥሩ። በአንድ ክፍል ብቻ በቀን ከ16 ሰዓት በላይ የመጣ ቅጽ ይመለስ። ሁለት ሥራ አንድ ላይ ከተሠራ፣ ለምሳሌ ልጅ አዝላ ስትጋግር፣ ሰዓቱ ሁለቴ እንዳይቆጠር ከባዱ ብቻ ይያዝ። «አላስታውስም» ዜሮ ማለት አይደለም፤ ለየብቻ ይመዝገብ። ከእናቶቹ መካከል የተወሰኑትን ከአንድ ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ጠይቁና መልሶቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ እዩ።

9. ሪፖርቱ ላይ አትጠቅልሉ

«ይህን ያህል በመቶዎቹ በቂ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ከወጣ፣ ከላይ ያለችው 2,160 ያስመዘገበች እናት «ጥሩ ላይ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ያ ድምር ግን ግማሽ ያህሉ እጥበት፣ ሩቡ ገደማ ዳገት ላይ ሸክም ነው። ምክር የሚሰጣት አዋላጅ «ተጨማሪ ተንቀሳቀሺ» ማለት የለባትም፤ ሸክሙን የሚጋራ ሰው ማግኘት ነው ጉዳዩ። ስለዚህ ድምሩን በቤት ሥራ፣ በገቢ ሥራ፣ በመንገድና በመዝናኛ ከፍላችሁ አቅርቡ። ከባድ ሸክምና ረጅም ሰዓት መቆም የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። የተቀመጡበት ሰዓትም እንዲሁ። የተላመደውን መጠይቅ ከነሜት ሠንጠረዡ በአባሪ አያይዙት።

አንድ ቅጂ መረጃውን ለሰጧችሁ ጤና ጣቢያዎች ይሂድ። በወሩ የነፍሰ ጡሮች ኮንፈረንስ ላይ ደግሞ ያለ ወረቀት ሄዳችሁ ያገኛችሁትን ንገሯቸው። እኛ ስንሄድ፣ በውይይቱ መጨረሻ አንዲት እናት እጇን አንስታ «ታዲያ ይህን ለባሎቻችን መቼ ነው የምትነግሩልን?» አለችን። ቀጣዩን ቀጠሮ ባሎች ባሉበት እሁድ አደረግነው።